ሰርቨሩ ቦሌ ደርሷል፤ ጎንደር ግን ገና ነው

በኮምፒውተር መሣሪያ ግዢ የጨረታ ሰነዶች ውስጥ አንድ መስመር ደጋግሞ ይገጥመኛል፦ «ማስረከቢያ ቦታ፦ አዲስ አበባ»። ገዢው ጎንደር ነው፤ ማሽኑ የሚተከለው ጎንደር ነው፤ አገልግሎቱን የሚጠብቀው ሕዝብም እዚሁ ነው። ሰነዱ ግን ሻጩን ቦሌ ላይ ያሰናብተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በማን ኃላፊነት እንደሚታለፍ አይናገርም። ውድና ተሰባሪ ዕቃ ከባሕር ማዶ ስናስመጣ የምንጨነቀው ስለ ውቅያኖሱና ስለ አውሮፕላኑ ነው። እኔ የማምነው ግን ትልቁ አደጋ ባለቤት ባጣው የመጨረሻ ጉዞ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ኋላ መቆጠር አለበት፤ መጀመሪያ በሩ፣ ቀጥሎ መኪናው፣ ከዚያ አውሮፕላኑ፣ በመጨረሻም ፋብሪካው።

ነገሩን ዛሬ የሚያጣድፈው ምክንያት አለ። ሆስፒታሎች የሕሙማን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያሸጋገሩ ነው፤ ባንኮች፣ ኮሌጆችና የከተማ አስተዳደር ቢሮዎችም እንዲሁ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሥራ የጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ብቻውን በርካታ ግቢዎችን ያስተዳድራል። የመሣሪያ ፍላጎቱ እየጨመረ ሳለ የመተኪያው ዋጋ ተሰቅሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ጉምሩክም ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣና የመድን ወጪው ተደምሮ ስለሆነ፣ የተበላሸን ማሽን እንደገና ማስመጣት ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ለአንድ የመንግሥት ተቋም ደግሞ ሁለተኛ በጀት ማስፈቀድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

እንግዲህ ከበሩ እንጀምር። ሰርቨር የሚባሉት፣ መረጃ አከማችተው ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግሉ ማሽኖች የሚደረደሩበት የብረት ቁም ሣጥን ራክ ይባላል፤ ዩኒት የቁመቱ መለኪያ ነው። መደበኛው ባለ 42 ዩኒት የሰርቨር ራክ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር በላይ ነው። ፓሌት ላይ ቆሞ በእንጨት ሳጥን ሲታሸግ 2 ሜትር ከ20 ያልፋል። የብዙዎቹ ቢሮዎቻችን በር ከ2 ሜትር ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ ሳጥኑ በበሩ አይገባም፤ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ መከፈት ይኖርበታል። ይህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሆነ በጎንደር ዝናብ ሥር ነው። የሰርቨር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በሩ ብቻ አይሆንም፤ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ዕቃ ያዞራል ወይ? ወለሉስ ይሸከማል ወይ? የተሞላ ራክ አንድ ቶን ሊደርስ ይችላል፤ የሚያርፈውም ከ1 ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው ሜትር ይዞ በሩን፣ ኮሪደሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ለክቶ ቁጥሩን በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢያሰፍር ከዚህ በታች የማነሣው ችግር ሲሶው ይቀላል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው።

ከፍታውም ከወዲሁ መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የማሽኑ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ለኮምፒውተር ክፍሎች የሙቀት መመሪያ የሚያወጣው የአሜሪካው የመሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ፣ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ ለተፈቀደላቸው የተለመዱ ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለእኛ ሲሰላ ጣሪያው 31 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ስለሆነ ጎንደር ላይ ስጋት የለም፤ ደባርቅ ላይ ግን ወደ ወሰኑ እየተጠጋን ነው። ይህን ለሻጩ የሚነግረው ገዢው ብቻ ነው። ሻጩ ጎንደርን በካርታ ላይ ሊያውቃት ይችላል፤ ከፍታዋን ግን ካልተጠየቀ አያስብም።

አሁን ወደ ማውረዱ እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። መኪናው ግቢ ደርሶ ቆሟል፤ ፎርክሊፍት የለም። የአካባቢው ጫኝና አውራጅ ወጣቶች ይጠራሉ። በአንድ መጋዘን ደጃፍ ቆሜ ያየሁትን ልናገር። ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝነውን ሳጥን ስድስት ልጆች ከአይሱዙው ጀርባ ወደ ጠርዙ ጎተቱት፤ ሁለቱ ታች ቆመው በትከሻቸው ተቀበሉት፤ ሳጥኑ አጋደለና አንዱ ማዕዘኑ መሬት መታ። ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ለመያዝ ስለሚመች ከዚያ በጎኑ አጋድመው ተሸከሙት። ሳጥኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶችና አንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ሥዕል ነበር፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው። ልጆቹን መውቀስ አይቻልም። ክፍያው በቁጥር ነው፤ ስለ ዕቃው የነገራቸውም ሰው አልነበረም። በሳጥኑ አራት ጎኖች ላይ በትልልቁ «አይጋደም»፣ «ይህ ወገን ወደ ላይ» ተብሎ በአማርኛ ቢጻፍ፣ ክፍያው ለሰዓት ቢሆን፣ የእጅ ፓሌት ማንሻና ከመኪናው ጠርዝ እስከ መሬት የሚዘረጋ ጠንካራ መወጣጫ አስቀድሞ ቢከራይ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ሃርድ ዲስክ ዋጋ አይበልጥም። የሚጋደም ራክ ውስጡ ዕቃ ካለበት ሐዲዶቹ ይጣመማሉ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ከባዱ ዩፒኤስ ከማሠሪያው ይላቀቃል።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ በጎሃ ጽዮን በኩል ወጥቶ ዓባይ በረሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ማክሰኚት፣ አዘዞ። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ወደ ፊት፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በገመድ ብቻ የታሰረ ሳጥን በሁለቱም በኩል ይላላል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በብረት ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ የጭነት መኪና የሚነርተው ባዶውን ወይም በጥቂት ጭነት ሲሄድ ነው። «ዕቃው ውድ ነውና ብቻውን ይሂድ» ብሎ አንድ አይሱዙ ለሁለት ሳጥን መከራየት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለዕቃው ግን የበለጠ መናጥ ነው። የተሻለው መንገድ መኪናውን በሚመጥን ክብደት መሙላት፣ ተሰባሪውን ከኋላ ጎማው ፊት ማሳረፍ፣ በማጥበቂያ ቀበቶ ከወለሉ ጋር ማሠርና ሹፌሩን በየከተማው ቆሞ ቀበቶውን እንዲፈትሽ ማዘዝ ነው። በአየር ከረጢት ላይ የሚያርፍ መኪና ከተገኘማ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በክልላችን የመንገድ መዘጋት የዕቅዱ አካል ሆኗል። መኪና በመካከል ከተማ ለቀናት ሊቆም ይችላል። ሸራ ብቻ የለበሰ ጭነት ውጭ ማደር የለበትም፤ ስለዚህ በየትኛው ከተማ፣ በማን መጋዘን እንደሚያድር መኪናው ከመነሣቱ በፊት መታወቅ አለበት። የሹፌሩን የሰውነት ደኅንነት ለማሽን ሲባል አደጋ ላይ መጣል ደግሞ ለእኔ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም። ዕቃው አንድ ወር ይዘግይ።

«ታዲያ በአውሮፕላን እስከ ጎንደር ለምን አይመጣም?» የሚል አለ። ወደ አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ናቸው፤ የዕቃ ክፍላቸው ለሻንጣና ለካርቶን ይሆናል፤ ቆሞ ለሚጓዝ ራክ አይሆንም። በዓለም አቀፉ በረራም ቢሆን የቁመት ወሰን አለ። በትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሆድ የሚገባ ዕቃ ቁመቱ 160 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይገደባል። ባለ 42 ዩኒት ራክ የሚሄደው በጭነት አውሮፕላን ዋና ወለል ላይ ብቻ ነው፤ በቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን የበሩ ከፍታ 3 ሜትር ስለሆነ በምቾት ይገባል። ሂሳቡ ግን የሚደረገው በክብደት ብቻ አይደለም። አየር መንገዶች የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ6,000 ያካፍሉና ከእውነተኛው ክብደት ጋር አወዳድረው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። 80 በ140 በ225 የሆነ ሳጥን 420 ኪሎ ተብሎ ይሰላል። ባዶ ራክ ከነሳጥኑ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሚመዝን የሚከፈለው ለአየር ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፦ ራኩን አታስመጡ። የብረት ሳጥን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ከውጭ የሚመጣው ሰርቨሩ፣ የመረጃ ማከማቻውና ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች ይሁን፤ እነርሱም ራክ ውስጥ ሳይገጠሙ በየራሳቸው የፋብሪካ ካርቶን። አንድ ባለ 2 ዩኒት ሰርቨር 30 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ በአገር ውስጥ በረራም የመሄድ ዕድል አለው። በጥምቀት ሰሞን ግን አትሞክሩት፤ በረራው በእንግዳ፣ ሆዱ በእንግዳ ሻንጣ ይሞላል።

በባሕር የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ጅቡቲ ነው። ለጎንደር ሰው ይህ ሁልጊዜ የሚቆጭ ነገር አለው። መተማ ከእኛ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳንን አቋርጦ ፖርት ሱዳን አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ግን ያንን በር አምኖ ውድ መሣሪያ የሚጭን የለም። ከእስያ የሚመጣ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ቀይ ባሕርን ማቋረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ መስመር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መጓዝ በመጀመራቸው ጉዞው በሳምንታት ረዝሟል።

የባሕሩ ጠላት ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱ ነው። ቀን የጋለ የኮንቴይነር አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ላይ ጤዛ ይቋጥርና በጭነቱ ላይ ይንጠባጠባል። በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ የጅቡቲ ሙቀት ሥር ኮንቴይነሩ ወረፋ ሲጠብቅ ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። ማሽኑ እርጥበት በማያሳልፍ ብርማ ከረጢት ታሽጎ፣ ውስጡ በቂ እርጥበት መምጠጫ ገብቶለት ካልተጫነ፣ ሲከፈት ብልሽቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ዝገቱ ከወራት በኋላ በማያያዣዎቹ ላይ ይወጣል። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይከፈት እስከ ወረታ ደረቅ ወደብ መምጣት ከቻለ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በመካከል አንድ ማውረድና አንድ መጫን ይቀራል።

ከፋብሪካው የሚነሣው ማሸጊያ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ልበል። እንጨቱ ለ30 ደቂቃ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ የሞቀና ማኅተም ያለበት ይሁን፤ ይህ ተባይ እንዳይዛመት የተደነገገ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፤ ማኅተም የሌለው እንጨት በወደብ ሊታገድ ይችላል። ባትሪ ያላቸው ዕቃዎች ተለይተው ይገለጹ፤ ለብቻው የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንዳይጫን የተከለከለ ነው፤ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ሙሌቱ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። የዩፒኤሱን የሊድ ባትሪ እዚሁ አገር መግዛት ክብደቱንም ጣጣውንም ይቀንሳል። ሦስተኛው ከአሜሪካ ወገኖቻችን ለሚልኩት ዕርዳታ ነው። የሰርቨሩ የኃይል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 220 ቮልት ይቀበላል፤ ለ120 ቮልት የተሠራ ዩፒኤስና የራክ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግን አይቀበልም። እነዚያን እዚያው ተዉአቸው፤ በእነርሱ ቦታ መለዋወጫ ሃርድ ዲስክ ላኩልን።

ጉምሩክ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚመነጨው ከሰነድ ጉድለት ነው። የዕቃው ዝርዝር የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ቁጥር፣ ክብደትና የሳጥን ቁጥር ካልያዘ ፈታሹ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ይከፍታል፤ ሥራው ነው። ከረጢቱ ይቀደዳል፤ ስፖንጁ በቦታው አይመለስም። ለፍተሻው የጉምሩክ አስተላላፊው ብቻ ሳይሆን አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አብሮ ቢገኝና ማሸጊያ ቴፕ፣ ከረጢትና እርጥበት መምጠጫ ይዞ ቢሄድ ዕቃው እንደነበረ ይታሸጋል። ሽቦ አልባ መገናኛ ያላቸው መሣሪያዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን የዓይነት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ማመልከቻው ዕቃው ሳይጫን ይግባ።

ወደ መድኑ ስንመጣ የማስረከቢያው መስመር ሙሉ ትርጉም ያገኛል። በዓለም አቀፉ የንግድ ውል ቃላት፣ በኢንኮተርምስ 2020፣ «ሲአይፒ አዲስ አበባ» የሚለው ውል ሻጩ ሰፊውን የመድን ሽፋን እንዲገዛ ያስገድዳል፤ «ሲአይኤፍ» ግን ጠባቡን ብቻ። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሽፋኑ እስከተጠቀሰው ቦታ ነው፤ ኃላፊነቱም ወደ ገዢው የሚዞረው ገና በመነሻው ለመጀመሪያው አጓጓዥ ሲሰጥ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ የሚደርሰውን ያ መድን አያውቀውም። ሰፊው ሽፋንም ቢሆን በማሸጊያ ጉድለት ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። «አየር መንገዱ ይከፍላል» የሚሉም አሉ። በሞንትሪያል ስምምነት የአጓጓዡ ተጠያቂነት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በሚያወጣው የሂሳብ መለኪያ፣ የተገደበ ነው። 30 ኪሎ ለሚመዝን ሰርቨር 780 ኤስዲአር፣ ከ1,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ይሆናል። የማሽኑ ዋጋ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

«ዲፒዩ» የሚባል ሌላ የውል ዓይነት አለ። በኢንኮተርምስ ውስጥ ሻጩ ዕቃውን በተባለው ቦታ ከመኪና አውርዶ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ ብቸኛው ቃል ነው። «ዲፒዩ ጎንደር» ተብሎ ከግቢው ስም ጋር ቢጻፍ የዓባይ መውረጃና የአይሱዙው ጀርባ የሻጩ ጭንቀት ይሆናሉ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ አውቃለሁ። ተጫራቾችም ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። ግን ያ ወጪ ድሮም ነበረ፤ በሰነዱ ላይ ስላልተጻፈ እንጂ። ሻጩ አልቀበልም ካለ፣ ቢያንስ ከቦሌ እስከ ሰርቨር ክፍሉ ያለው ጉዞ በራሱ በጀት፣ በራሱ መድንና በስም በተጠቀሰ ኃላፊ ይያዝ።

ቀሪው የርክክቡ ቀን ነው። በሳጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈች የጣት ያህል ብልቃጥ አለች፤ ሳጥኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተመታ ውስጧ ቀይ ይሆናል። ከአጠገቧ ያለችው ደግሞ ሳጥኑ ከተጋደለ ትናንሽ እንክብሎቿ ቦታ ይለቃሉ። ሁለቱም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ይህን አይቶ ፎቶ ማንሣትና በማስረከቢያው ወረቀት ላይ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በተግባር ግን ንብረት ክፍል የሚቆጥረው ሳጥን ነው፤ «አራት ሳጥን፣ በመልካም ሁኔታ» ተብሎ ሞዴል 19፣ ማለትም የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ይቆረጣል፤ ሳጥኖቹም ኮሚቴ እስኪሰበሰብ መጋዘን ይቀመጣሉ። በአየር ለተጓዘ ዕቃ የጉዳት አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረውም አየር መንገዱ ቦሌ ላይ ሲያስረክብ ነው፤ ሳጥኑ ጎንደር እስኪገባ አይጠብቅም። ኮሚቴው በሦስተኛው ሳምንት ተሰብስቦ ሳጥኑን ቢከፍት፣ የተሰበረ ሰርቨር ያገኛል እንጂ የሚጠይቀው አካል አያገኝም። አባቶቻችን ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ የመረከቢያ ኮሚቴው ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ተሰይሞ፣ ከአባላቱ አንዱ ቦሌ ላይ ምልክቶቹን አይቶ፣ ጎንደር ላይ ደግሞ ሌሎቹ በደረሰ ማግስት ይክፈቱ። በማግስቱ የምለው አውቄ ነው፤ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ቦታ የገባ ማሽን ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ሳይከፈት በሚሠራበት ክፍል 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። ከዚያ ማሽኑ ይብራ፤ የእያንዳንዱ ዲስክ ምርመራ ይታተም፤ የመለያ ቁጥሮቹ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከሩ። ጉድለት ካለ ደብዳቤው በዚያው ቀን ለአጓጓዡ፣ ለመድን ድርጅቱና ለሻጩ ይውጣ። ሞዴል 19 የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው።